«ዘር ከልጓም ይስባል»፤ ምግብስ?

አንድ ልጅ በማደጎ ቤት ምንም ሳይጎድልበት ያድጋል። ጢሙ ሲያቀመቅም ግን የወላጆቹን ቤት ፍለጋ ይነሳል። ጎረቤት አይገረምም። «ምን ታደርገዋለህ፤ ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። አለቃው የአክስቱን ልጅ መቅጠሩ ሲሰማም ይኸው ተረት ይጠቀሳል፤ ያኔ ግን ለአግቦ ነው። ሁለቱም ቦታ ፍቺው አንድ ነው፤ የሥጋ ዝምድና ከየትኛውም ማሰሪያ በላይ ሰውን ወደ ራሱ ይጎትታል።

ተረቱ የተወለደው ከፈረስና ከበቅሎ ጋር በሚኖር ሕዝብ መካከል ነው። ልጓም አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ ዛቡ ይያያዝበታል። ፈረስን በጉልበት የሚችለው ሰው የለም። አፉ ግን ስስ ነው። ጋላቢው ዛቡን ሳብ ሲያደርግ ብረቱ ይቆነጥጠዋል፤ ይዞራል ወይም ይቆማል። ያ ዘመን ንጉሥ እንኳ በፈረሱ ስም የሚጠራበት ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ፈረስን እንዲህ የሚያውቅ ሰው «ከልጓምም በላይ የሚስብ አለ» ሲል ቀላል ነገር አልተናገረም።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ አጠቃቀሙ ነው። «ስኳር በዘራችን ነው። አባቴም፣ አያቴም ነበረባቸው። እኔ ምን ብበላ ምን ለውጥ አለው?» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ተረቱ በቃሉ ባይጠራም ሐሳቡ ያው ነው፤ ዘሩ ከሳበ ልጓሙ ዋጋ የለውም። የሚገርመው፣ በዚሁ ቋንቋ «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ይባላል። እዚያ ደግሞ ዘር ምንም ነው፤ ውሎ ነው ሁሉንም የሚወስነው። ሁለቱንም ተረቶች አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊተርታቸው ይችላል፤ ማንም «ተጣረሰብህ» አይለውም።

የጤና ነገር ላይ የትኛው ተረት ልክ ነው? እንደ በሽታው ይለያያል። ለጥያቄው ከሁሉ የጠራ መልስ የሚሰጠው ደግሞ ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ሕመም ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1934 በኖርዌይ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ የሐኪም ደጅ ስትጠና ዓመታት አልፈው ነበር። ልጆቹ ሲወለዱ ጤነኛ ይመስሉ ነበር። እያደጉ ሲሄዱ ግን አእምሯቸው ወደ ኋላ ቀረ። ሽንታቸው ለየት ያለ፣ የሻገተ ዓይነት ሽታ ነበረው። ይህን ሽታ ቁም ነገር ብሎ የሰማት አስቢዮርን ፎሊንግ የሚባል ሰው ነው፤ ሐኪምም ኬሚስትም ነበር። ፌሪክ ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ሽንቱ ላይ ጠብ ሲያደርግበት አረንጓዴ ሆነ። ያልጠበቀው ቀለም ነው። ተጨማሪ ሽንት እያስመጣ ሲመረምር ቆይቶ፣ እዚያ መገኘት የሌለበት አሲድ አገኘ። በሽታው ዛሬ ፌኒልኬቶኑሪያ ይባላል፤ ባጭሩ ፒኬዩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ በአጠቃላይ ፕሮቲን ያለው ምግብ ሁሉ ፌኒልአላኒን የሚባል አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ቅንጣቶች አንዱ) አለው። የጤነኛ ሰው ጉበት ትርፉን ወደ ሌላ ነገር የሚለውጥ ኢንዛይም ይሠራል። የዚህን ኢንዛይም የተበላሸ ዘረመል ከእናትም ከአባትም የወሰደ ልጅ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ፌኒልአላኒኑ ደም ውስጥ ይጠራቀምና በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል። ወላጆቹ ራሳቸው አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻ ስላላቸው አይታመሙም፤ ያን መሸከማቸውንም አያውቁም።

እስከዚህ ድረስ ተረቱ አሸንፏል። ዘር ስቦ ልጆቹን ጥሏቸዋል።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ በእንግሊዝ በርሚንግሃም፣ በሕፃናት ሆስፒታል ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሆርስት ቢክል የሚባል ወጣት ሐኪም ፒኬዩ ያለባትን ሕፃን አገኘ። የሕፃኗ እናት የበሽታው ስም አላረካትም። በየጠዋቱ ላቦራቶሪው በር ላይ እየቆመች «መድኃኒት አግኝልኝ» ትለው ነበር። መድኃኒት የለም። ቢክልና ጓደኞቹ ጆን ጄራርድና ኤቭሊን ሂክማንስ ግን አንድ ሐሳብ መጣላቸው፤ ገላዋ ማስወገድ ያቃተውን ነገር ከምግቧ ላይ ብናወጣውስ? ፌኒልአላኒኑ የተጣራበት የፕሮቲን ድብልቅ አዘጋጅተው መገቧት። ልጅቷ ቀስ በቀስ መዳህ ጀመረች። ለቅሶዋና ራሷን መደብደቧ ቀነሰ።

ለውጡ በእርግጥ ከምግቡ መምጣቱን ለማረጋገጥ ለእናትየዋ ሳይነግሩ ፌኒልአላኒኑን መልሰው ጨመሩበት። ልጅቷ ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሰች። (ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይገኝም። እናትየዋ ምን ተሰምቷት ይሆን?) ውጤቱ በ1953 ታተመ። ልጅቷ ቀደም ብሎ የደረሰባት ጉዳት ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ስለዚህ ጊዜ ዋናው ነገር ሆነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ሮበርት ጋትሪ ከሕፃን ተረከዝ በተወሰደ የደም ጠብታ በሽታውን መለየት የሚቻልበትን ምርመራ አመጣ። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል የወለዳችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ጨቅላው ተረከዙን ተወግቶ ደሙ ወረቀት ላይ ይነካል። ዛሬ በዚያ ደም ብዙ በሽታዎች ይፈለጋሉ፤ ፈር ቀዳጁ ፒኬዩ ነው።

ከተወለደ በቀናት ውስጥ የታወቀለትና ምግቡ የተመጠነለት ልጅ እንደ እኩዮቹ ይማራል፣ ያድጋል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ሽሮ የለም። እንጀራም በሚዛን ነው። በምትኩ የተለየ የፕሮቲን ዱቄት ይጠጣል። አንዳንድ ስኳር አልባ ለስላሳ ጣሳ ላይ «ፌኒልአላኒን አለበት» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ከሆነ የተጻፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

እዚህ ላይ «የዘር ነው ወይስ የምግብ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ትርጉም ያጣል። ዘረመሉ ያለ ምግቡ አይጎዳም፤ ምግቡም ያለ ዘረመሉ አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ከእኛ ማጀት የማይጠፋው ባቄላ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ለአብዛኞቻችን የባቄላ ጣጣ «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» ከማለት አያልፍም። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ለሚያንሳቸው ሰዎች ግን ቀልድ አይደለም። ባቄላ ውስጥ ያሉ ቫይሲንና ኮንቫይሲን የተባሉ ነገሮች ቀይ የደም ሕዋሶቻቸውን ያፈነዷቸዋል። ከበሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ አቅም ይከዳል። ዘረመሉ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ ይበልጥ የሚጠቁት ወንዶች ናቸው። የኢንዛይሙ ጉድለት በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን የማያንስ ሰው ላይ እንዳለ ይገመታል።

ይህን ያህል የበዛበት ምክንያት ወባ ነው። ጉድለቱ ከከባድ ወባ በመጠኑ ስለሚከላከል ወባ ባለበት አገር ተሸካሚዎቹ ተርፈው ወለዱ። የእኛ ባቄላ ግን ደጋ ይወዳል፤ ወባ ደግሞ ቆላ። ዘረመሉ በብዛት የሚገኘውም እንደ ጋምቤላ ባሉ ወባማ አካባቢዎች ነው። ስልጆና እሸት ባቄላ የሚወደው ደገኛ ስለዚህ በሽታ ብዙ ያልሰማው ለዚህ ይመስለኛል። ሐኪሞች ግን ያውቁታል፤ ፕሪማኪን የተባለው የወባ መድኃኒትም እነዚሁኑ ሰዎች ይጎዳል። የኢንዛይሙ ጉድለት ራሱ በ1956 የተገኘው በዚያ መድኃኒት ምክንያት ነው።

ወተትም እንዲሁ ነው። ካደጉ በኋላ የወተትን ስኳር መፍጨት የሚችሉት ከዓለም ሕዝብ ሲሶው ገደማ ናቸው፤ በተለይ ከብት በማርባት የኖሩ ሕዝቦች ዘሮች። ሆዱን የሚነፋው ሰው እርጎና አይብ ይሻለዋል፤ ሲረጋ ስኳሩ ይቀንሳልና።

አሁን ወደ ስኳር በሽታ እንምጣ። ፒማ የሚባሉት የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች በአሪዞና የሂላን ወንዝ ጠልፈው እያጠጡ ለዘመናት አርሰዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሰፋሪዎች ውሃውን ከላይ ወሰዱባቸው። እርሻው ደረቀ። ገበታቸውን በጊዜ ብዛት ነጭ ዱቄት፣ ስብና ስኳር ሞላው። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት የስኳር በሽታ ቁጥሮች አንዱ የእነሱ ሆነ። «ዘራቸው ነው» ተባለ። ነገር ግን በሜክሲኮ ተራሮች ላይ፣ ማይኮባ በሚባል ቦታ፣ የሥጋ ዘመዶቻቸው አሉ። በቆሎ፣ ባቄላና ድንች ይበላሉ፤ ቀኑን ሙሉ በጉልበታቸው ይሠራሉ። በ2006 የታተመ ጥናት ሁለቱን አነጻጸረ። ስኳር ያለባቸው የአሪዞናዎቹ 38 በመቶ፣ የሜክሲኮዎቹ 6.9 በመቶ ነበሩ።

ቤተ እስራኤልም ይህን በራሳቸው ላይ አይተውታል። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ባጓጓዘው ዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል ገቡ። ሲደርሱ የስኳር በሽታ ብርቅ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ብዙ ቤት ገባ። ዘራቸው አውሮፕላን ሲሳፈሩም ሲወርዱም ያው ነው። የተለወጠው ነጩ ዳቦ፣ ለስላሳው፣ የእግር መንገዱ መቅረት ነው። ግን ዘርን ነፃ አውጥቶ መሄድም አይቻልም። በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከኢትዮጵያ የመጡት ሰዎች ብዙም ሳይወፍሩ በስኳር ይያዛሉ። «ቀጭን ነኝ፣ ምን አስመረመረኝ?» ማለት ለእነሱ አይሠራም።

«በዘራችን ነው» ለሚለው ሰው ደግሞ ከዚህ የቀረበ መልስ አለ። ቲሲኤፍ7ኤል2 የሚባል ዘረመል አለ፤ አንዱ ዓይነቱ ለስኳር በሽታ ያጋልጣል። በአሜሪካ በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ ስኳር አፋፍ ላይ የነበሩ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ሲደረግ፣ የመያዝ ዕድላቸው ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸር በ58 በመቶ ቀነሰ። ቆይቶ ዘረመላቸው ሲታይ፣ አጋላጩን ዓይነት ከሁለቱም ወላጆቻቸው የወረሱት ሰዎች ያለ ምንም ለውጥ በተተዉበት ቡድን ውስጥ ከሌሎቹ ይበልጥ ታመሙ። አመጋገባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን በለወጡት መካከል ግን ልዩነቱ በጣም ደበዘዘ። እነዚህ ሰዎች ዘሩ ሳይለቃቸው በልጓሙ ዞረዋል።

ይህን ያየ ነጋዴ «ምራቅህን ላክልኝ፣ ለዘረመልህ የሚስማማውን ምግብ ልንገርህ» ይላል። አትቸኩሉ። በ2018 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን ግማሹን ቅባት፣ ግማሹን ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ አደረጉ። ለየትኛው ምግብ ይሻላል ተብለው የተገመቱት ዘረመሎች ማን ይበልጥ እንደሚከሳ መተንበይ አልቻሉም። ለፒኬዩ የሚሠራው ለቦርጭ አልሠራም። ገንዘባችሁን ለጎመን አውሉት።

ተረቱ ሙሉ በሙሉ የሚረታበት ቦታም አለ። በዘር የሚወረድ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ከ250 ሰው አንዱ ላይ ገደማ ይገኛል። ጉበት ጎጂውን ኮሌስትሮል ከደም የሚለቅምበት መንገድ ከልደት ጀምሮ የተበላሸ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቢጾምና ቅቤ የሚባል ነገር ባይነካ እንኳ ቁጥሩ ይወርዳል እንጂ በምግብ ብቻ ልክ አይገባም። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች የግድ ያስፈልጉታል። እያንዳንዱ ልጁም በሽታውን የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። አባት ወይም ወንድም ገና በአርባዎቹ ዕድሜው በድንገተኛ የልብ ሕመም ከሞተ፣ የቀሩት የቤተሰቡ አባላት ደማቸውን መመርመር ያለባቸው ለዚህ ነው፤ ልጆቹም ጭምር።