ናይትረስ ፕሌት፦ ከካርቡሬተር ስር የምትገባው ቀጭን አሉሚኒየም እና አመራረጧ

ናይትረስ ሲባል አንድ ዓይነት ኃይለኛ ነዳጅ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አይደለም። ናይትረስ ኦክሳይድ ብቻውን አይቀጣጠልም። ሥራው ኦክስጅን ማቀበል ነው። በክብደት ከታየ 36 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ የምንተነፍሰው አየር ግን 23 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ያለው። ሞተር ውስጥ ገብቶ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲያልፍ ጋዙ ይፈርስና ኦክስጅኑን ይለቃል፣ ኦክስጅን ከተጨመረ ደግሞ ቤንዚንም ጨምሮ ማቃጠል ይቻላል፣ ጉልበቱም የሚመጣው ከዚያው ከቤንዚኑ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ከጠርሙሱ ፈሳሽ ሆኖ ይመጣና ከዜሮ በታች በ88 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በአንዴ ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ አየር የታመቀ አየር ነው።

ጋዙ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1772 እ.ኤ.አ. አገኘው፤ አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ በ1844 ለማደንዘዣ ሞከረው። ሞተር ላይ በደንብ የተሠራበት ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ጀርመኖች ጂኤም 1 ብለው በጠሩት ዘዴ፣ አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ላይ ለሚበሩ አውሮፕላኖቻቸው ናይትረስ ይሰጡ ነበር። አዲስ አበባ ላይ መኪና የነዳ ሰው ችግሩን በደንብ ያውቀዋል፤ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያው ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ያለውን ጉልበት አይሰጥም። ወደ መኪናው ዓለም ስንመጣ ቤቱ አሜሪካ ነው፣ በተለይ ቀጥ ባለ መንገድ የሚሮጠው የሩብ ማይል ድራግ ውድድር። በ1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመው የናይትረስ ዕቃ አምራች ኤንኦኤስ ስሙ የጋዙ ስም እስኪመስል ድረስ ገነነ፤ በ1999 ደግሞ ካርቡሬተር ሠሪው ሆሊ ገዛው። ዛሬ ናይትረስ ኤክስፕረስ፣ ዜክስ፣ ኤድልብሮክና ሌሎችም ገበያው ላይ አሉ።

ፕሌቱ ራሱ በጣም ቀላል ዕቃ ነው። ከግማሽ እስከ አንድ ኢንች የሚወፍር አሉሚኒየም፣ መሐሉ ክፍት፣ በካርቡሬተሩና አየርና ቤንዚኑን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ መካከል ከላይም ከታችም በጓርኒሲዮን ታስሮ የሚቀመጥ። በብዙዎቹ ላይ ክፍቱን የሚያቋርጡ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ላይኛው ናይትረስ ይረጫል፣ ታችኛው ቤንዚን። ናይትረሱ በከፍተኛ ግፊት ሲወርድ ቤንዚኑን መትቶ ያደቀዋል። አንዳንድ ፕሌቶች ደግሞ ቱቦ የላቸውም፤ ዙሪያቸውን ከተበሱ ቀዳዳዎች ነው የሚረጩት። የአየሩን መንገድ ስለማይዘጉ ናይትረሱ ሳይከፈትም ሞተሩ በነፃነት ይተነፍሳል።

እንግዲህ ምርጫው። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው። 150፣ 200፣ 250 ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት። እኔ መነሻው እዚያ ሲሆን ቅር ይለኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ፕሌት ጄቱን በመቀየር ብቻ ከትንሽ እስከ ትልቅ ይሄዳል። ጄት ማለት የጣት ጥፍር የማታክል የነሐስ ቁራጭ ነች። ፊቷ ላይ ቁጥር ተቀርጾባታል፤ 47 ከሆነ ቀዳዳዋ 0.047 ኢንች ነው ማለት ነው። አንዷ ለናይትረሱ፣ አንዷ ለቤንዚኑ፣ ሁልጊዜ በጥንድ። ስለዚህ ጉልበቱን የሚወስነው ፕሌቱ ብቻ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ሞተሩ ስንት ይችላል፣ የቤንዚን መስመሩስ ስንት ያደርሳል የሚለው ነው።

ከሞተሩ እንጀምር። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ ፒስተኖቹ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት የተሠሩ ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ከሆነ፣ 100 ወይም ቢበዛ 150 ፈረስ ጉልበት ላይ መቆም ይሻላል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ፎርጅድ፣ ማለትም ተቀጥቅጦ የተሠራ ፒስተን ያስገባል። ፒስተኑን የሚከቡት የፋሻዎቹ (ቀለበቶቹ) ክፍተትም ሰፋ ይላል፣ ሙቀቱ ሲያሰፋቸው ጫፍና ጫፋቸው እንዳይጋጠም። ታይሚንግም፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ፣ ይመለሳል፤ በሠፊው የሚሠራበት ልማድ በየ50 ፈረስ ጉልበቱ 2 ዲግሪ ወደ ኋላ ነው። ካንዴላው በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ቀዝቃዛ በሆነ ይለወጣል።

የቤንዚኑ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ናይትረሱ መጥቶ ቤንዚኑ ካነሰ ፒስተን ይቀልጣል፤ ደቂቃ አይፈጅም፣ ሴኮንዶች ይበቃሉ። በግምት እናስላው። 400 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ በሰዓት 120 ሊትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት ይጠጣል። 150 ሲጨመርበት ሌላ 45 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ሁለቱንም ያንኑ የቆየ ፓምፕ አድርስ ማለት በራስ ላይ መፍረድ ነው። ብዙዎች ለናይትረሱ ብቻ የሚሆን የራሱ ፓምፕ፣ የራሱ ማጣሪያና የራሱ የግፊት መቆጣጠሪያ ይሰጡታል። ካርቡሬተር ላይ ግፊቱ 6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አካባቢ ነው፤ ይህም መለካት ያለበት ቆሞ ሳይሆን ቤንዚኑ በጄቱ እየፈሰሰ ነው። ቆሞ 6 የሚያሳየው ጌጅ ሲፈስ 4 ሊወርድ ይችላል፣ ያን ልዩነት ደግሞ የሚከፍለው ፒስተኑ ነው።

ከዚህ በኋላ የልክ ጉዳይ ነው። የሆሊ 4150 እግር ያለው ካርቡሬተር የራሱ ፕሌት አለው፤ ትልቁ 4500 ዶሚኔተር ሌላ ነው፤ የፊት ቀዳዳዎቹ ጠባብ የኋላዎቹ ሰፊ የሆኑት ኳድራጄት ደግሞ ሌላ። ኢንጄክሽን ያላቸው የጄኔራል ሞተርስ ኤልኤስ ሞተሮች ላይ ፕሌቱ ከትሮትል ቦዲው (አየር ከሚያስገባው በር) ጀርባ ይገባል፣ ለ90 ወይም ለ102 ሚሊሜትር ተብሎ ይሸጣል። እዚያ ላይ ቤንዚኑን ራሱ የማይረጭ፣ ለኢንጄክተሮቹ የሚተው ደረቅ የሚባልም ዓይነት አለ። ካርቡሬተር ያለው ሰው ግን ምርጫው ቤንዚኑንም አብሮ የሚረጨው እርጥቡ ነው። ኮፈኑንም አትርሱ። ፕሌቱ ካርቡሬተሩን ሽቅብ ስለሚያነሣው የአየር ማጣሪያው ኮፈኑን ሊነካ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት የልጆች መጫወቻ ጭቃ ማጣሪያው አናት ላይ ለጥፋችሁ ኮፈኑን ቀስ ብላችሁ ዝጉና ክፈቱት። የተጨፈለቀው ጭቃ ስንት ቦታ እንደተረፋችሁ ያሳያችኋል።

ፕሌት ጉድለትም አለው። የሚረጨው አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ ማኒፎልዱ ነው ለስምንቱ ሲሊንደሮች የሚያከፋፍለው፣ ሁልጊዜ ደግሞ እኩል አያካፍልም። ወለሉ ሁለት ፎቅ በሆነው ማኒፎልድ ላይ ይህ ይብሳል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ቤንዚኑ ጥጉ ላይ ይጠራቀምና አንድ ቀን ማኒፎልዱ ውስጥ ይፈነዳል። ትልቅ ጉልበት የሚፈልጉ ወደ አንድ ፎቁ ማኒፎልድ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ከ250 ወይም 300 በላይ ሲታሰብ ደግሞ ለየሲሊንደሩ የራሱ መርጫ ያለውን ዘዴ መመልከት ይሻላል። ከዚያ በታች ላለው ግን፣ በእኔ እምነት፣ በዋጋም በቀላልነትም ፕሌትን የሚያህል የለም። አራት ቡሎን ፈትቶ አውጥቶ ሌላ መኪና ላይ ማሰር ይቻላል።

ኪቱ ውስጥ ምን አለ የሚለውን ጠይቁ። ርካሹ ኪት ብዙ ጊዜ ፕሌት፣ ሁለት ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ)፣ ጄት፣ ቱቦና ጠርሙስ ይሰጥና ያበቃል። ገንዘብ ካለ ቀሪው ፕሌቱን ለማስዋብ ሳይሆን ለመጠበቂያው ይዋል። ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ሲረገጥ ብቻ የሚያገናኝ ማይክሮ ስዊች። ሞተሩ 3,000 ዙር ሳይደርስ ናይትረሱ እንዳይከፈት የሚያደርግ፣ ከላይም ዙሩ ሲያልፍ የሚያቋርጥ ስዊች። የቤንዚን ግፊት ሲወርድ ናይትረሱን ወዲያው የሚዘጋ ስዊች። ይህ የመጨረሻው ለሞተሩ ሕይወት ማለት ነው፣ ዋጋው ከአንድ ፒስተን ያንሳል።

ጠርሙሱ፣ ጠርሙስ ይባል እንጂ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ነው፣ በብዛት 10 ፓውንድ ይይዛል። 100 ፈረስ ጉልበት ለ10 ሴኮንድ አንድ ፓውንድ ገደማ ይበላል፤ 150 ላይ ያለ ሰው እንግዲህ ስድስት ሰባት ጊዜ ሮጦ ያስሞላል። ስንት እንደቀረ ጌጁ አይናገርም፣ ጌጁ የሚያሳየው ግፊት ነው። ፈትቶ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። ግፊቱ ከ900 እስከ 1,000 ፒኤስአይ ሲሆን ነው ጄቶቹ እንደተጻፈባቸው የሚሠሩት፣ ይህም ጠርሙሱ 30 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ የሚገኝ ነው። ብርድ ላይ የሚሮጥ ሰው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ ያለብሰዋል። በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ጠርሙስ የፈነዳባቸው መኪናዎች ጣሪያቸው ተገንጥሎ ታይቷል። የአሜሪካው የድራግ ውድድር ማኅበር ኤንኤችአርኤ በሚያወዳድርበት ሜዳ ላይ ሾፌሩ ባለበት ክፍል የተቀመጠ ጠርሙስ ማስተንፈሻው በቱቦ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ለመኪና የሚሸጠው ጋዝ ውስጥ ደግሞ ሰው እንዳያሸተው ተብሎ በሚሊዮን 100 እጅ ያህል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይጨመርበታል፤ ሳንባ ያቃጥላል።

ተገዝቶ ከታሰረ በኋላ የመጀመሪያው ሩጫ ከሳጥኑ ትንሿ የጄት ጥንድ ጋር ነው። መስመሩ መጨረሻ ላይ ሞተሩን አጥፍታችሁ መኪናው በራሱ ይንከባለልና ይቁም። ካንዴላ ፍቱ፤ ብትችሉ ስምንቱንም፣ ምክንያቱም ፕሌት እኩል እንደማያካፍል አይተናል። ነጩን ሸክላ በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። ንጹሕ ከሆነ ቀጣዩን ጥንድ መሞከር ይቻላል። እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለበት ወይም የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከተለጠፈበት፣ ያ ብናኝ ከፒስተኑ የተነሣ አሉሚኒየም ነው፤ ታይሚንጉን መልሱ፣ የቤንዚኑን ግፊት እየፈሰሰ እንደገና ለኩ፣ ትልልቆቹ ጄቶች ለዛሬ ሳጥናቸው ውስጥ ይቆዩ።