በእንግሊዝ አገር ስላሉ የአይሁድ ትምህርት ቤቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሰሜን ለንደን በሚገኝ አንድ የአይሁድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ይህን የሚሰማ የአገሬ ሰው ሁሉ ከዚህ በታች በጥቅስ ያስቀመጥኳቸውን አመለካከቶች ስለሚያነሣብኝ፣ መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

«ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ኦሪት ሲያነቡ ስለሚውሉ በመደበኛው ትምህርት ወደ ኋላ ይቀራሉ።»

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የሚናገሩት የአንድ ክፍል የሳምንት ፕሮግራም እንኳ አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸውና። በመንግሥት በጀት የሚተዳደሩ አብዛኞቹ የአይሁድ ትምህርት ቤቶች በ1988 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወጣው ሕግ የተደነገገውን ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት ያስተምራሉ፤ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሆነው የኦፍስቴድ ተቆጣጣሪዎችም እንደማንኛውም ትምህርት ቤት ይመዝኗቸዋል፤ ተማሪዎቹም በ16 ዓመታቸው አገር አቀፉን የጂሲኤስኢ ፈተና ይወስዳሉ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች አንድ ጥንታዊ ወይም ዘመናዊ የውጭ ቋንቋ እንዲማሩ ሥርዓተ ትምህርቱ ራሱ ስለሚያዝ፣ ሌላው ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ በሚያስተምርበት ክፍለ ጊዜ ዕብራይስጥ ማስተማር ይቻላል። ለሃይማኖት ጥናቱ የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ሰዓት ብዙዎቹ የሚያገኙት የትምህርቱን ቀን በማርዘም ነው። ቀኑ በሚያጥርበት የብርድ ወቅት ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚገባ፣ ልጆቹ ከዚያ በፊት ቤታቸው እንዲደርሱ ዓርብ ቀደም ብለን ስለምንለቅ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ጊዜ በጥብቅ የተመደበ ነው።

የክፍሌ ልጆች የዕብራይስጥ ደብተራቸውን ከቀኝ ከፍተው ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋሉ፤ ደወል ሲደወል እሱን አስቀምጠው የሒሳቡን ከግራ ይከፍታሉ። በዚህ ምክንያት ቁጥር ገልብጦ የጻፈ ልጅ አንድም ቀን አልገጠመኝም።

«የሚገቡት የአይሁድ ልጆች ብቻ ናቸው።»

አይደለም። በበርሚንግሃም የሚገኘው የኪንግ ዴቪድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በርካታ ሙስሊም ተማሪዎች ያሉት ሲሆን፣ እነርሱም ዕብራይስጥ ይማራሉ። ክፍት ቦታ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አመልካችን በሃይማኖቱ ምክንያት ሊከለክል አይችልም። ከ1732 ጀምሮ የነበረው የለንደኑ የአይሁድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጄኤፍኤስ ተማሪ ይቀበልበት የነበረው በእናት የዘር ሐረግ ላይ የተመሠረተ መስፈርት እንኳ በ2009 በጠቅላይ ፍርድ ቤት የዘር መድልዎ ተብሎ ተሽሯል።

«ለሀብታሞች ነው።»

የግል የሆኑት ያስከፍላሉ፤ የመንግሥቶቹ የትምህርት ክፍያ የላቸውም። ለአይሁድ ጥናት የሚጠየቀው መዋጮ በፈቃደኝነት ነው።

«ስለ ሌላ እምነት አይማሩም።»

ከ2016 ወዲህ የሃይማኖት ትምህርት ጂሲኤስኢ ሁለት ሃይማኖቶችን ማጥናት ይጠይቃል።

«ጸሎቱን የሚያነብ ልጅ ዕብራይስጥ ይናገራል።»

ይህን የሚያምኑ ወላጆች ራሳቸው ብዙ ናቸው። ዳዊት የሚደግም የቄስ ተማሪ የግእዙን ፍቺ ሁልጊዜ እንደማያውቀው ሁሉ፣ የጸሎት መጽሐፉን በአናባቢ ምልክቶቹ እየተመራ አቀላጥፎ የሚያነብ ልጅም «ውኃ ስጡኝ» ማለት ሊያቅተው ይችላል። የኦሪትና የጸሎት ዕብራይስጥ አንድ ትምህርት ነው፣ ዛሬ በእስራኤል የሚነገረው ሌላ ትምህርት ነው፤ በጂሲኤስኢም ፈተናቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት ለዘመናዊው ዕብራይስጥ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደተመደበ፣ መምህሩ ቋንቋውን ይናገር እንደሆነ፣ ትምህርቱም እስከ ፈተናው ይዘልቅ እንደሆነ ጠይቁ። የክፍሉን የሳምንት ፕሮግራም በወረቀት እንዲሰጧችሁም ጠይቁ፤ ከቃል ማብራሪያ ይልቅ እሱን እመኑ።