ፕለጊን፦ አጫጫኑና አሠራሩ፣ ከጎጃም በተወሰደ ምሳሌ

ፕለጊን በዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ የሚደረብ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሶፍትዌሩ ሲወጣ ያልነበረውን ሥራ ይጨምርለታል። ኤክስቴንሽን የሚሉትም አሉ፤ ነገሩ ያው ነው።

ከእንዲህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ቀደም ሲል ስሙ ገኖ የነበረው ድሪምዊቨር ነው። ማክሮሚዲያ እ.ኤ.አ. በ1997 አወጣው፤ በ2005 ደግሞ ኩባንያውን አዶቢ ገዛው። ኤክስቴንሽኑ የሚጻፈው የዌብ ገጽ በሚጻፍባቸው ቋንቋዎች፣ በኤችቲኤምኤልና በጃቫስክሪፕት ስለነበር፣ ገጽ መሥራት የቻለ ሰው መሣሪያውንም ራሱ መሥራት ይችል ነበር። ሌላው የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር ወርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት በ1.2 እትሙ ፕለጊን መቀበል ጀመረ። በነጻ ስለሚገኝ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ላለ ጀማሪ የሚመከረው እሱ ነው።

መጫኑ ቀላል ነው። ከወርድፕረሱ ውስጥ ፈልጎ መጫን፣ ከዚያ አክቲቬት ማድረግ (ማስጀመር)። ኔትወርክ ሲያስቸግር ዚፕ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ በራስ ላፕቶፕ ላይ መሞከርም ይቻላል። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ክራክ የተደረገ (የክፍያ ቁልፉ የተሰበረ) ፕለጊን ግን አይነካ! ጎጂ ኮድ ተደብቆበት ሊሆን ይችላል። አንድ ፕለጊን ገጹን ነጭ ካደረገው ደግሞ አትደንግጡ። ፕለጊንስ ከሚለው ፎልደር ገብታችሁ የዚያን ፕለጊን ፎልደር ስሙን ቀይሩት፤ መሥራቱን ያቆማል።

እኔን የሚያጓጓኝ መሥራቱ ነው። ፎልደር ትከፍታላችሁ፣ አንድ የፒኤችፒ (ወርድፕረስ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) ፋይል ታስቀምጣላችሁ፣ ከላዩ በኮመንት (ኮምፒውተሩ እንደ ትእዛዝ በማይቆጥረው ማስታወሻ) የፕለጊኑን ስም ትጽፋላችሁ። ወርድፕረስ ያውቀዋል። ቀሪው ሁክ የሚባለው ነው፦ ጽሑፍ ሲቀመጥ ወይም ገጽ ሲታይ የእናንተ ኮድ ተራው ደርሶት ይሠራል። ጽሑፍ ተቀብሎ የሚያስተካክለው ፊልተር ይባላል። የተቀበለውን መልሶ ካልሰጠ ጽሑፉ ከገጹ ላይ ይጠፋል፤ ጀማሪ ሁሉ አንዴ ይህ ይደርስበታል።

ምሳሌ ልስጥ። ዓባይ የሚመነጨው ከጎጃም፣ ከሰከላ ነው። ስለ ግሽ ዓባይ የተጻፈ ገጽ ላይ አንድ ሰው «አባይ» ብሎ ቢፈልግ ምንም አያገኝም። ለኮምፒውተሩ «ዓ» እና «አ» የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። ይህን ውጭ አገር ያለ ፕሮግራመር አስቦ አይሠራልንም፤ የኛ ሥራ ነው።

መፍትሔው የፊደል ሰንጠረዥ ነው። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። እያንዳንዱ በ7 ሆሄ 35 መስመር ይሆናል። ግን አይበቃም! «ዓ» ወደ «ኣ» ብቻ ከተቀየረ አሁንም ከ«አባይ» ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ኣ ወደ አ፣ ሃ ወደ ሀ የሚሉ 2 መስመሮች ይጨመራሉ። ጽሑፉ ሲቀመጥ ፕለጊኑ በዚህ ሰንጠረዥ የተስተካከለ ቅጂ ለብቻ ያስቀምጣል። ፈላጊው የጻፈውንም በዚያው መልክ ቀይሮ ከቅጂው ጋር ያመሳክራል።

ዋናው ጽሑፍ ግን መነካት የለበትም። የጎጃም ቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፦ በግዕዝ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ለማለት ነው፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌባ የሚሠራው ነው። ለፍለጋ ብቻ የታሰበው ሰንጠረዥ ዋናው ጽሑፍ ውስጥ ከገባ፣ የወጣችው ፀሐይ ሌባ ሆና ታርፋለች።