የፖሊመር እንቅስቃሴ በጠጣር ገጽ ላይ፦ የማግኔቲክ ሬዞናንስ ጥናት

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ የሚታየው የግድግዳ ቀለም፣ የታክሲው ጎማ፣ አናጺው እንጨት የሚያጣብቅበት ነጭ ኮላ፣ ሁሉም ፖሊመር አለባቸው። ዕድሜያቸውን በእጅጉ የሚወስነው ደግሞ ፖሊመሩ ከጠጣር አካል ጋር የሚገናኝበት፣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ናኖሜትር የማይበልጥ ስስ ንብርብር ነው።

ፖሊመር እጅግ ረጅም ሞለኪውል ነው። ገጽ ላይ ሲያርፍ ሙሉ በሙሉ አይነጠፍም፤ ከፊሉ ተጣብቆ ይተኛል፣ ከፊሉ ቀለበት ሠርቶ ይነሣል፣ ጫፎቹም እንደ ጅራት ተለቅቀው ይወዛወዛሉ። የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ናሙናውን ሳይነኩ ለማወቅ ከማግኔቲክ ሬዞናንስ (በማግኔት ውስጥ ያሉ የአተም ኒውክሌሶች ለሬዲዮ ሞገድ የሚሰጡትን ምልክት ከመለካት) የተሻለ መንገድ ማግኘት ይከብዳል።

ክስተቱን እ.ኤ.አ. በ1946 ኤድዋርድ ፐርሴል እና ፌሊክስ ብሎክ በየፊናቸው አሳወቁ፤ በ1952 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። ለዚህ ጥናት መሠረት የሆነው ግን የ1948ቱ ሥራ ነው። ብሉምበርገን፣ ፐርሴል እና ፓውንድ በሬዲዮ ሞገድ የተነቃቁ ኒውክሌሶች ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ለመመለስ የሚወስድባቸው ጊዜ ከሞለኪውሎች እንቅስቃሴ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ አስረዱ።

የነጩ ኮላ መሠረት የሆነው ፖሊቪኒል አሲቴት ጥሩ ምሳሌ ነው። አንዳንድ ሃይድሮጂኖቹ በዲዩቴሪየም (በከባዱ ሃይድሮጂን) ይተኩና በሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) ዱቄት ላይ በስሱ ይለበጣል። ዱቄት የሚመረጠው ምልክቱ ደካማ በመሆኑ ብዙ ገጽ ስለሚያስፈልግ ነው፤ አንድ ግራም ደቃቅ ሲሊካ 200 ካሬ ሜትር ገጽ ሊኖረው ይችላል። ፖሊመሩ ብቻውን ሲሆን፣ በቅዝቃዜ ሁለት ቀንድ ያለው ሰፊ ምልክት ይሰጣል፤ ሲሞቅ ቀንዶቹ ጠፍተው አንድ ጠባብ መስመር ይቀራል። ሰፊው ምልክት ፖሊመሩ ግትር መሆኑን፣ ጠባቡ መላላቱን ያሳያል። በሲሊካ ላይ ግን ሁለቱ በአንድነት ይታያሉ፦ መሐሉ ላይ ጠባቡ መስመር፣ ግራና ቀኙ ገና ያልጠበበው ሰፊ ምልክት። ሲሊካው ላይ ያሉት የሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና ሃይድሮጂን) ቡድኖች የፖሊመሩን ካርቦኒል (የካርቦንና ኦክስጅን ቡድን) በሃይድሮጂን ትስስር ስለሚይዙት፣ ከገጹ አጠገብ ያለው ክፍል ለመላላት የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ በአየር በኩል ያለው ደግሞ ከተለመደው ፖሊመር ይልቅ በነጻነት ይንቀሳቀሳል። አንድ ፖሊመር በአንድ ሙቀት ግትርም ልልም ሆኖ መገኘቱ የዚህ መስክ እጅግ ማራኪ ግኝት ነው።

በአራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ያለው የ400 ሜጋኸርዝ የማግኔቲክ ሬዞናንስ መሣሪያ በዋናነት ከኢትዮጵያ ዕፅዋት የሚወጡ ውህዶችን ቅርጽ ለመለየት ሲያገለግል ኖሯል። ሰፊውን የዲዩቴሪየም ምልክት ለመቅዳት ለጠጣር ናሙና የተሠራ መቀበያ ያስፈልጋል። ለፈሳሽ የተሠራ መሣሪያ ያለው ቤተ ሙከራ ግን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም፤ ሲሊካና ፖሊመር በውሃ ተበጥብጠው ሲለኩ፣ ቀለበቶቹና ጅራቶቹ ጠባብ መስመር ይሰጣሉ፣ ተጣብቆ የተኛው ክፍል ምልክት ግን እጅግ ስለሚሰፋ ከእይታ ይሰወራል። ፖሊመሩ በገጹ ላይ ውሃ አስሮ ሲይዝ የውሃው ኒውክሌሶች የመመለሻ ጊዜም ያጥራል፤ ከዚህ ለውጥ ምን ያህል ክፍል እንደተጣበቀ መገመት ይቻላል።