የመግቢያ ስታቲስቲክስ ዋና ዋና ጽንሰ ሐሳቦች ከጎንደር ምሳሌዎች ጋር

ስታቲስቲክስ መረጃን የመሰብሰብ፣ የማደራጀትና የመተንተን፣ ከዚያም በታየው ጥቂት ነገር ተመርኩዞ ስላልታየው ብዙ ነገር ድምዳሜ የመስጠት ሳይንስ ነው። በጎንደር ትምህርቱ ከሕዝብ ጤና ጋር የተቆራኘ ነው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው በደምቢያ በደረሰው የወባ ወረርሽኝ ማግስት ሲሆን፣ ያሠለጥናቸው የነበሩት የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የሳኒቴሽን ባለሙያዎች ወደ ገጠር ወርደው የሚሠሩ በመሆናቸው የታመመውንና የሞተውን በትክክል መቁጠር የሙያቸው አካል ነበር። ዛሬም በከተማዋ ብዙ ተማሪ ስታቲስቲክስን በቅርብ የሚያውቀው የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያዘጋጅ ነው።

የመጀመሪያው ልዩነት በጥናቱ ሕዝብና በናሙና መካከል ያለው ነው። የጥናቱ ሕዝብ ማለት ልናውቀው የምንፈልገው ወገን በሙሉ ሲሆን፣ ናሙና ደግሞ ከዚያ ውስጥ ተመርጦ በእርግጥ የተጠየቀው ወይም የተለካው ክፍል ነው። ሕዝቡን የሚገልጸው ቁጥር ፓራሜትር ይባላል፤ ከናሙናው የሚሰላው ደግሞ የዚያ ፓራሜትር ግምት ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ቆጠራ የጎንደር ከተማን ነዋሪ 207,044 ሲል ሁሉንም ለመቁጠር ታስቦ የተገኘ ቁጥር ነው። ከጎንደር በስተሰሜን በዳባት ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሚያካሂደው የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትልም በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ይመዘግባል። ሆኖም እንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብና ዓመታት ስለሚጠይቅ አብዛኛው ጥናት በናሙና መሥራቱ ግድ ነው።

የመግቢያ ኮርሶች አማካይ በማስላት ብዙ ሳምንት አሳልፈው የናሙና አመራረጥን በጥድፊያ ማለፋቸው ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል፤ ናሙናው ከተበላሸ የትኛውም ቀመር አያቃናውምና። ቀላል የዕጣ ናሙና የሚባለው ሁሉም ሰው እኩል የመመረጥ ዕድል የሚያገኝበት ነው፤ ለዚህ ግን የሁሉም ስም ያለበት ዝርዝር ያስፈልጋል። ዝርዝር በማይገኝበት ጊዜ በየተወሰነ ርቀት አንድ የመምረጥ ዘዴ ይዘወተራል፤ ለምሳሌ ወደ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ከሚመጡት በየአምስተኛው ሰው ይጠየቃል። ዘዴው ጥሩ ቢሆንም ከመረጃው የራሱ ዑደት ጋር ከገጠመ ያሳስታል። አንድ አጥኚ ወደ ጎንደር የሚገባውን የገጠር ሰው ብዛት ለመገመት በየሰባት ቀኑ ቢቆጥርና የመጀመሪያው ቀን ቅዳሜ ቢሆን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥረው የገበያ ቀን ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ የሚያወጣው ዕለታዊ አማካይም ከእውነተኛው እጅግ የተጋነነ ነው።

ከዚህ የከፋው የምርጫ መዛባት ነው። በጎንደር ሆስፒታል በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ለሚተላለፈው የካላዛር በሽታ ሕክምና ከሚመጡት ብዙዎቹ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርደው የነበሩ ወጣት ወንዶች ናቸው። አንድ ሰው የሆስፒታሉን መዝገብ ብቻ ይዞ «በሽታው በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ይህን ያህል ነው» ቢል፣ ቆላ ወርደው የማያውቁትን ሁሉ እንደወረዱ መቁጠሩ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ታመው የመጓጓዣ ገንዘብ ያጡት፣ ወይም ሳይመረመሩ የሞቱት በመዝገቡ ውስጥ የሉም። የመዝገቡን ገጾች ማብዛት ይህን አያስተካክለውም፤ የተዛባ ናሙና ቢበዛ ስሕተቱ ያው ነው፣ የሚጨምረው የአጥኚው ልበ ሙሉነት ብቻ ነው።

ስለ ናሙና መጠን ሲነሣ በጤና ተማሪዎች ዘንድ 384 የማይታወቅበት ቤት የለም። ቁጥሩ የሚመጣው አንድን ምጣኔ፣ ማለትም ከሕዝቡ ምን ያህሉ አንድ ባሕርይ እንዳለው፣ ለመገመት ከሚያገለግለው ቀመር ነው። ለ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ የሚወሰደው 1.96 በራሱ ሲባዛ 3.8416 ይሆናል፤ ምጣኔው አስቀድሞ ካልታወቀ 0.5 ስለሚወሰድ 0.5 በ0.5 ተባዝቶ 0.25 ይሰጣል፤ የሁለቱ ብዜት 0.9604 ሲሆን፣ ይህ የተፈቀደው የስሕተት ወሰን 0.05 በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው 0.0025 ሲካፈል 384.16 ይመጣል። ብዙዎች መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ይጨምሩበታል። በስሌቱ ውስጥ የከተማው ነዋሪ ብዛት አለመግባቱ ብዙዎችን ያስገርማል፤ የጥናቱ ሕዝብ በጣም ትንሽ ካልሆነ በቀር ትክክለኛነቱን የሚወስነው የናሙናው መጠን እንጂ የሕዝቡ ብዛት አይደለም። የስሕተት ወሰኑን በግማሽ ማሳነስ የሚፈልግ ግን ናሙናውን አራት እጥፍ፣ ማለትም ወደ 1,537 ማሳደግ አለበት። ቀመሩ ቀላል የዕጣ ናሙናን ታሳቢ ያደረገ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ቀበሌ ከዚያም ቤት በመምረጥ የሚሠራ ጥናት 384ን እንዳለ መውሰድ አይገባውም፤ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በ1.5 ወይም በ2 ይባዛል።

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዓይነቱ ነው። ጾታና የትዳር ሁኔታ በምድብ የሚገለጹ ተለዋዋጮች ሲሆኑ፣ ዕድሜና ክብደት በቁጥር የሚለኩ ናቸው። የቁጥር መረጃ ማእከሉ በአማካይ፣ በሚዲያን ወይም በሞድ ይገለጻል። የአምስት ቤተሰቦች ወርሃዊ ገቢ 4,000፣ 5,000፣ 6,000፣ 7,000 እና 48,000 ብር ነው እንበል። አማካዩ 14,000 ብር ይሆናል፤ ይሁንና ከአምስቱ አራቱ ከዚያ እጅግ ያነሰ ያገኛሉ። በቅደም ተከተል መካከል ላይ የሚውለው ሚዲያን 6,000 ብር ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነቱ መረጃ የተሻለ ነው። ሞድ ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ዋጋ ሲሆን ለምድብ መረጃ ይጠቅማል።

ማእከሉ ብቻውን ግን አይበቃም። የጎንደር ዝናብ አብዛኛው በክረምት ወራት ስለሚወርድ፣ የዓመቱ ድምር ለ12 ተካፍሎ የሚገኘው ወርሃዊ አማካይ ሐምሌንም ጥርንም አይመስልም። ስለዚህ ሥርጭትን የሚለኩ መጠኖች ያስፈልጋሉ፤ ዋናው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ነው። የአምስት ተማሪዎች ውጤት 58፣ 59፣ 60፣ 61፣ 62 ከሆነ አማካዩ 60 ነው፤ ከአማካዩ ያላቸው ርቀት በራሱ እየተባዛ ሲደመር 10 ይሆናል፤ ይህ ለ4 ተካፍሎ 2.5 ሲመጣ ቫሪያንስ ይባላል፤ ስኩዌር ሩቱ 1.58 ደግሞ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ነው። ውጤታቸው 20፣ 40፣ 60፣ 80፣ 100 የሆኑ ሌሎች አምስት ተማሪዎች አማካያቸው ያው 60 ቢሆንም ስታንዳርድ ዲቪዬሽናቸው 31.6 ይደርሳል። ለ5 ሳይሆን ለ4 የሚካፈለው ከናሙናው አማካይ የሚለካው ርቀት ሲደመር ሁልጊዜ ዜሮ ስለሚሆን ነው፤ አራቱ ከታወቁ አምስተኛው የሚሆነው ተወስኗል፤ ነጻ የሆኑት አራት ብቻ ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ከናሙና ወደ ሕዝብ የመሸጋገር ጉዳይ ነው። የአንድ መረጃ ሥርጭት ምንም ዓይነት ቅርጽ ቢኖረው፣ ከእሱ በተደጋጋሚ የሚወሰዱ በቂ መጠን ያላቸው ናሙናዎች አማካይ በአብዛኛው የደወል ቅርጽ ወዳለው ኖርማል ሥርጭት ይጠጋል። ለትንንሽ ናሙናዎች የሚያገለግለውን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተመው ዊልያም ጎሴት በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ቲ ቴስት የሚባለው ከእርሱ ሥራ የመጣ ነው። የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (የመተማመኛ ክልል) ማለት ደግሞ ናሙናው በተመሳሳይ መንገድ ብዙ ጊዜ ቢወሰድ ከሚገኙት ክልሎች 95 በመቶ ያህሉ እውነተኛውን ፓራሜትር ያቅፋሉ ማለት ነው።

መላምት ሲፈተሽ መነሻው «ልዩነት የለም» የሚለው ዜሮ መላምት ነው። ፒ ቫልዩ የሚባለው ይህ መላምት እውነት ቢሆን ኖሮ የተገኘውን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ የራቀ ውጤት የማግኘት ዕድል ነው። መላምቱ እውነት የመሆኑ ዕድል ግን አይደለም፤ ይህ ስሕተት በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ ስለሚታይ አጽንዖት ይገባዋል። ፒ ቫልዩ ከ0.05 ካነሰ ዜሮ መላምቱ ይጣል የሚለው ወሰንም እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ያስፋፋው ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። የሌለን ልዩነት አለ ማለት የመጀመሪያው ዓይነት ስሕተት፣ ያለውን አለማየት ደግሞ ሁለተኛው ዓይነት ይባላል።

በመጨረሻ የሚነሣው የተለዋዋጮች ዝምድና ነው። የተዛምዶ መጠን ከአሉታዊ 1 እስከ አዎንታዊ 1 ባለው ክልል የቀጥታ መስመር ዝምድናን ይለካል፤ መንስኤን ግን አያረጋግጥም። ዐደይ አበባ በሚፈነዳበት መስከረም በደምቢያ ወባም መበርታት ይጀምራል፤ ሁለቱን ያገናኛቸው የክረምቱ ዝናብ ነው። እንዲህ ያለው ከኋላ ያለ ሦስተኛ ነገር ኮንፋውንደር ይባላል። የጤና ጥናቶች ተጽዕኖውን ለመቀነስ ብዙ ተለዋዋጮችን አብሮ በሚያስላው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የተስተካከለ ኦድስ ሬሾ ያወጣሉ፤ ይህ የሁለት ቡድኖችን ኦድስ፣ ማለትም ነገሩ የመከሰቱ ዕድል ካለመከሰቱ ዕድል ጋር ያለውን ንጽጽር፣ የሚያወዳድር ቁጥር ሲሆን 1 ማለት ልዩነት የለም ማለት ነው፤ ኢንተርቫሉ ከ1.2 እስከ 3.4 ከሆነ 1ን ስለማያቅፍ ዝምድና እንዳለ ይወሰዳል፣ ከ0.8 እስከ 3.4 ከሆነ ግን መረጃው ለመወሰን አላበቃም ማለት ነው፤ ዝምድና የለም ማለት አይደለም። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የተጠየቀበት ጥናት ከሆነ ደግሞ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ኦድስ ሬሾው ሊነግረን አይችልም።