«ዓይኔ ደክሞ ነው፣ እስቲ አንብብልኝ»

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ የቆመ ሰው ይህን ያውቃል። አንዲት እናት ጠጋ ይሉና «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሞ ነው፤ የመሐል ሜዳው የትኛው ነው?» ይላሉ። ታፔላው ፊት ለፊታቸው ተሰቅሏል። የመንዟ አክስቴም ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ስትል ኖራለች። ማታ በኩራዝ ሱፍ የምትፈትል፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ባንዴ የምታሾልክ ሴት ናት። ፊደል አልቆጠርኩም ማለት አፍራ ነው። እኛ የተማርነው ደግሞ ስለዚህ ነገር ስናወራ ብዙ እንሳሳታለን።

«ያልተማረ ሰው አይገባውም»

ይሄ ስድብ እንጂ አስተያየት አይደለም። አክስቴ በግ ሸጣ ትርፏን በጭንቅላቷ ታወጣለች። ብሩን የምትለየው በቀለሙ ነበር። መስከረም 2013 ዓ.ም. ኖቱ ሲቀየር ግን ተደናገረች፤ ገበያ መውጣትም ፈራች። አንድ ማታ የ10፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብሩን ባናው ላይ ደረደርኩላት። ቀለሙን ትታ ቁጥሩን ያዘች። ባንድ ማታ! እስከዚያ ድረስ ቁጭ ብሎ ያሳያት ሰው አልነበረም።

«ሀ ሁን የሚወጣ ልጅ ማንበብ ይችላል»

እዚህ ላይ ወላጅ ሁሉ ይሸወዳል። ልጁ ከ«ሀ» ጀምሮ እስከ መጨረሻው እንደ ዘፈን ይወርደዋል። ድንገት ጣታችሁን «ሜ» ላይ ብታሳርፉ ግን ከ«መ» ተነስቶ በሆዱ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት። ወይም ጭራሽ ዝም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ድሮ የነቁበት ይመስለኛል። ከሀ ሁ በኋላ አቡጊዳ ይመጣል፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ የለመዱትን ተራ ያፈርሰዋል። ያኔ ልጁ መልኩን አይቶ መለየት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ «አነባለሁ» ሲላችሁ አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ ስጡት። የሳሙና ማሸጊያም ይሆናል።

«ፊደሉ በዛ፣ ጎልማሳ አይችለውም»

33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ያስፈራል። ግን ሁሉም አዲስ አይደለም። «ለ» ከወገቡ በስተቀኝ ጭረት ሲጨመርበት «ሉ»፣ ጭረቱ እግሩ ጋ ሲወርድ «ሊ»፣ እግሩ ላይ ቀለበት ሲገባ «ሌ» ይሆናል። በ፣ ሰ፣ ከ እንዲሁ ናቸው። እንደ «ሩ» ያሉ አፈንጋጮች ጥቂት ናቸው። በሚወዱት ስም ጀምሩላቸው፤ አክስቴ መጀመሪያ የጻፈችው የልጇን ስም ነው። ከ40 ዓመት ላለፈ ሰው ደግሞ በትልቁ ጻፉለት። በዚያ ዕድሜ የቅርብ ነገር ማየት ስለሚያስቸግር «ዓይኔ ደክሞ ነው» አንዳንዴ እውነትም ነው።

«ገበሬ ጊዜ የለውም»

በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ልክ ነው። ግን በ12፣ በ21፣ በ27፣ በ29 መንዝ ላይ ማን ሞፈር ይነካል? እሑድን ጨምሩበት።

«ትምህርት ቤት ከገባ ያነባል»

በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ በኮሮና፣ ቀጥሎም በጸጥታው ችግር በአካባቢያችን ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ ታውቃላችሁ።

«የመንግሥት ሥራ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ?»

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በ15 ቋንቋዎች እየተማሩ ሚሊዮኖች ፊደል ቆጠሩ። ብዙዎቹ ግን መልሰው ረሱት። ቤታቸው የሚነበብ ነገር፣ አብሮ የሚያነብ ሰው አልነበረማ! ዛሬም የጎልማሶች ትምህርት አለ፤ ከዚያ ወጥቶ ቤት ሲገባ ግን ያው ነው። ከመርሐቤቴ መጥታ ቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ካለች የማታ ትምህርት አስመዝግቧት። መማሪያ ሰዓቷ ሲደርስ ደግሞ «ቡና አፍይ» አትበሏት። ስልኳ ላይ መልእክት ሲገባ ነጥቃችሁ አታንብቡላት። ጣቷን ከፊደሉ ሥር አስይዟትና ጠብቁ።

መጠበቁ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። አክስቴ ያን የመናኸሪያ ታፔላ መጀመሪያ ያነበበች ቀን «መሐል ሜዳ» እስክትል ሦስቴ አዛጋሁ። ስትጨርስ ዞር ብላ «አንተ፣ እንቅልፍህ ነው እንዴ?» አለችኝ።