የትንንሽ ደሴት አገሮች የአየር ንብረት ሪፖርት፦ የፓሲፊኮቹ ተሞክሮ

ቱቫሉ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች ዘጠኝ ደሴት ናት። ስፋቷ 26 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 11 ሺህ ገደማ። ያም ሆኖ እንደ ቻይናና እንደ ብራዚል ሁሉ ለተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት ታቀርባለች፦ ምን ያህል ሙቀት አማቂ ጋዝ ለቀቀች፣ ምን ያሰጋታል፣ ምን እየሠራች ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ግዴታው የሚመነጨው በ1992 ከጸደቀው የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት አንቀጽ 12 ነው። ታዳጊ አገሮች የመጀመሪያውን ሪፖርት ስምምነቱ ከጸናባቸው ወይም ገንዘብ ካገኙ በሦስት ዓመት ውስጥ ያቀርባሉ። በጣም ድሃ የሚባሉት ደግሞ ጊዜውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ቱቫሉ ከእነዚህ አንዷ ነበረች፤ ማንም አያስገድዳትም። በ1999 አስገባች።

ብቻዋን አልነበረችም። በ1997 ፒካፕ የሚባል ፕሮጀክት ለአሥር የፓሲፊክ አገሮች ተጀመረ። የመራው ስፕሬፕ ነው፤ ሳሞአ፣ አፒያ ላይ የሚገኘው የአካባቢው አገሮች የጋራ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት። ገንዘቡ ከዓለም አቀፉ የአካባቢ ፈንድ ከጌፍ፣ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በዩኤንዲፒ በኩል መጣ። በየአገሩ አንድ አስተባባሪና ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የተውጣጣ ቡድን ተቋቋመ። ሥልጠናውን በማዘጋጀት የኒውዚላንዱ ዋይካቶ ዩኒቨርሲቲም ተሳትፏል። መለማመጃዋ «ቫንዳ» የምትባል በዓለም ላይ የሌለች አገር ነበረች። ሠልጣኞቹ ስጋቱን መጀመሪያ በእሷ ላይ አስልተው ነው ወደ ራሳቸው የዞሩት። ሳሞአ፣ ኪሪባቲ፣ ናውሩ፣ ቫኑዋቱና ኩክ ደሴቶችም በዚያው በ1999 አደረሱ። ግጭት ውስጥ የነበሩት የሰለሞን ደሴቶች እስከ 2004 ቆዩ። ሪፖርቱን ማድረስ ለእንዲህ ያሉ ትንንሽ አገሮች ትልቅ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ዙር ግን ተንቀራፈፈ። የሳሞአ በ2010፣ የኪሪባቲ በ2013 ገባ። ምክንያቱ ስንፍና አይመስለኝም። ሪፖርቱ የሚሠራው በፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደመወዙ ያልቃል፣ የሠለጠነው ሰው ሌላ ሥራ ይይዛል። የስሌቱ ሠንጠረዥም አንዳንዴ ከውጭ በመጣው አማካሪ ላፕቶፕ ውስጥ አብሮ ይሄዳል። ቀጣዩ ቡድን «ሀ» ብሎ ይጀምራል። አማካሪ ባይኖርስ? ሪፖርቱ ላይጠናቀቅ ይችላል የሚሉ አሉ፤ የለም፣ አገሩን ጥገኛ ያደረገው እሱ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሳያጋንኑ አልቀሩም።

የጋዙ ቆጠራ ራሱም የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ ደሴት አገሮች ዋናው የልቀት ምንጭ በመርከብ የሚገባ ነዳጅ ነው። አስመጪው አንድ ወይም ሁለት ድርጅት ከሆነ ቁጥሩ የንግድ ምስጢር ይሆናል። በዚያ ላይ ለዓለም አቀፍ ጉዞ የተቀዳው ነዳጅ ከአገሪቱ ድምር ውጭ ተለይቶ መመዝገብ አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ በርሜል ወዴት እንደሄደ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ወደብ ላይ ግን ይህን ለይቶ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ አይገኝም። ማዕበልም አለ። በመጋቢት 2015 ፓም የተባለው አውሎ ነፋስ ቫኑዋቱንና ቱቫሉን ሲመታ የአየር ንብረት ባለሙያው የእርዳታ ሠራተኛ ሆነ፤ ሪፖርቱ ተራውን ጠበቀ።

ጌፍ ለአንድ ብሔራዊ ሪፖርት እስከ 500 ሺህ ዶላር ይመድብ ነበር፤ ከ2010 በኋላ ለመጣው፣ በየሁለት ዓመቱ ለሚቀርበው ሪፖርት ደግሞ 352 ሺህ። ጣሪያው ለትልቁም ለትንሹም አገር አንድ ነበር። ለትንንሾቹ ብዙ ይመስላል፤ ግን ባለሙያን ከደሴት ደሴት ማጓጓዝ ብቻ ሲታሰብ ያን ያህል አይደለም።

አሁን የሚሠራው የፓሪስ ስምምነት የግልጽነት ሥርዓት ነው፤ አገሮች ልቀታቸውንና ሥራቸውን በይፋ የሚያሳውቁበት። የመጀመሪያው ሪፖርት ቀነ ገደብ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ነበር። ደሴቶቹና ኢትዮጵያን የመሰሉ በጣም ድሃ አገሮች በፈለጉት ጊዜ ማቅረብ ይችላሉ፤ በእርግጥ የዘገየ ሪፖርት ገንዘብ ሲጠየቅ ማስረጃ ያሳጣል። በቀነ ገደቡ ላድርስ ቢሉም ጊዜው ጠባብ ነበር፤ በዚያው ዓመት አዘርባጃን፣ ባኩ ላይ የተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ያለቀው ኖቬምበር 24 ነው። በትንሽ አገር ደግሞ ባኩ ተቀምጦ የሚደራደረውና ሪፖርቱን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ መሐል ላይ የፈረንጆቹ ገና አለ።